ፎርም ኮፒ ማድረግ ይብቃችሁ፦ ኢንሄሪታንስና ጄነሪክስ በዊንፎርምስ

ባህር ዳር ለአንድ የአሳ አስጋሪዎች ማህበር በሲ ሻርፕና በዊንፎርምስ (የዊንዶውስ ፕሮግራም መስኮቶችን ማለትም ፎርሞችን መስሪያ) ሲስተም ስሰራ የአስጋሪ፣ የጀልባ፣ የእለት አሳ እያልኩ አንዱን ፎርም ኮፒ እያደረግኩ 11 አደረስኳቸው። ጠዋት ጀልባዎቹ ከዘጌ በኩል ሲደርሱ መዝጋቢዋ ደውላ "ኪሎውን ባዶ ብተወውም እኮ ሴቭ ያደርገዋል" አለችኝ፣ ያንን ለማስተካከል 11ዱንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። እናንተ እንዲህ አትልፉ፣ በኢንሄሪታንስ አንዱ ፎርም የሌላውን በተንና ኮድ እንዲወርስ አድርጉ።

መጀመሪያ ቤዝፎርም የሚባል ተራ ፎርም ስሩ፣ ሴቭ፣ ደሊትና አዲስ የሚሉትን በተኖች እዛ ላይ ብቻ አስቀምጡ። የበተኖቹ ሞዲፋየርስ (የትኛው ኮድ ሊነካቸው እንደሚችል የሚወስነው) ሲፈጠር ፕራይቬት ነው፣ ፕሮቴክትድ አድርጉት፣ ካለዚያ ልጅየው ፎርም ላይ ተቆልፈው ንክች አይሉም።

ቀጥሎ ከሱ የሚወርስ ኢዲትፎርም ኦፍ ቲ (EditForm<T>) ጻፉ፣ ይሄኛው ኮድ ብቻ ነው፣ ዲዛይነር (ፎርሙን በማውስ የምንሰራበት መስኮት) ላይ አትክፈቱት። ጄነሪክስ ከ2005 ከዶትኔት 2.0 ጀምሮ አለ፣ ቲ ማለት በቃ የቱ ክላስ እንደሆነ በኋላ ይወሰናል ማለት ነው። ኮንስትሬንቱን (ቲ ማሟላት ያለበትን ገደብ) ክላስና ኒው አድርጉት፣ አዲስ የሚለው በተን ሲነካ ባዶ ቲ መፍጠር እንዲችል። የሴቭ ሎጂክ እዚህ አንዴ ይጻፋል፣ ቫሊዴት የሚለውን ሜተድ ግን ቨርቹዋል (ልጅየው በራሱ ሊተካው የሚችል) አድርጋችሁ ተዉት፣ አሳ ፎርሙ ኦቨራይድ አድርጎ ቆሮሶ ነው አምባዛ ነው ተመርጧል ወይ፣ ኪሎው ከዜሮ በላይ ነው ወይ ይላል፣ ጀልባ ፎርሙ ደግሞ የራሱን።

አሁን ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ መጣ። ዲዛይነሩ አንድ ፎርም ሊያሳያችሁ ወላጁን ኒው ብሎ ይፈጥረዋል፣ ወላጁ አብስትራክት (በቀጥታ ኒው የማይባል ክላስ) ከሆነ አይችልም፣ ጄነሪክ ከሆነም በተለይ የቆየ ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ኤረር ይሰጣችኋል። መፍትሄው መሀል ላይ ባዶ ክላስ ማስገባት ነው፦ አሳቤዝ ከኢዲትፎርም ኦፍ አሳ ይወርሳል፣ ውስጡ ምንም የለም፣ አሳፎርም ደግሞ ከአሳቤዝ ይወርሳል። አሳቤዝን በራሱ ፋይል አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ዲዛይነሩ ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ ያለውን ክላስ ነው የሚፈልገው። ቢልድ ሳታደርጉም አትክፈቱ።

ደሞ የቤዙ ኮንስትራክተር (ፎርሙ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ዲዛይነር ላይም ይሮጣልና ዳታቤዝ እዛ አትጥሩ። ኦንሎድ (ፎርሙ ሲከፈት የሚሮጠው ሜተድ) ውስጥ ዲዛይንሞድን (ዲዛይነር ላይ ነን ወይ የሚለውን) ቼክ አድርጋችሁ ፎልስ ከሆነ ብቻ ጥሩ፣ ኮንስትራክተር ውስጥ ግን ዲዛይንሞድ ሁሌም ፎልስ ስለሆነ አይረዳችሁም።