የዕጩዎች ተራ ሲወሰን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባህር ዳር ውስጥ የዕድር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የጀልባ ባለንብረቶች ምርጫ ሲደረግ ጭቅጭቁ የሚነሳው ከቆጠራ በኋላ ነው። «ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከላይ ስለተጻፈ ነው ያሸነፈው» ይባላል። ወሬ ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ኦሃዮ የተካሄዱ ምርጫዎች ሲጠኑ አንደኛ ሆኖ መታተም በአማካይ 2.5 በመቶ ገደማ ብልጫ ሲሰጥ ታይቷል። ለ7 ቦታ 12 ሰው በሚወዳደርበት ኮሚቴ ደግሞ መራጩ የሚያውቃቸውን ሦስት አራት ሰዎች ከመረጠ በኋላ ቀሪውን ከላይ ወደ ታች ይሞላል። ስለዚህ ተራው እንዴት እንደወጣ የተሸነፈውም ሰው አይቶ ማረጋገጥ መቻል አለበት።

በፊደል ተራ መደርደር ገለልተኛ ይመስላል፤ አይደለም። «ኃይሉ» በሀ ከተጻፈ 1ኛው ፊደል ላይ፣ በሐ ከተጻፈ 3ኛው፣ በኀ ከተጻፈ 13ኛው ላይ ይወድቃል። ዓለሙም በአ እና በዐ መካከል አራት ፊደል ይዘላል። ማን በየትኛው እንደሚጻፍ የሚወስነው ጸሐፊው ከሆነ ተራውን የወሰነው እሱ ነው። በአውስትራሊያ ተራው በፊደል በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ፓርቲ ለኒው ሳውዝ ዌልስ የሴኔት ምርጫ ስማቸው በኤ የሚጀምር አራት ዕጩዎች አቅርቦ አራቱም አሸንፈዋል።

ቀድሞ የተመዘገበ ይቅደም ማለትም ያው ነው፤ ምዝገባው መከፈቱን መጀመሪያ የሚሰማው ለቢሮው የቀረበ ሰው ነው። ነባሩን ተመራጭ ከላይ ማስቀመጥ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

የሚቀረው ዕጣ ነው። ብዙው ስህተትም እዚሁ ነው።

የዕጩዎች ዝርዝር ሳይዘጋ ዕጣ አታውጡ፤ ቅሬታው ታይቶ፣ ስሙ ተለጥፎ ይለቅ። ዕጣው የሚወጣበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ለጥፉ። ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ማድረግ ደስ ይላል፣ ግን የከሰዓት የጣና ነፋስ ቁራጭ ወረቀት አያስቀምጥም፤ ቤት ውስጥ ወይም ጠዋት ይሁን።

ቁራጮቹን በእጅ አትቅደዱ። የተቀደደ ጠርዝ በጣት ይለያል። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ በመቀስ ብትቆርጡት 8 እኩል ቁራጭ ይወጣል። ስሞቹንና የተራ ቁጥሮቹን በአንድ ስክሪብቶ ጻፉ፣ ሁሉንም እኩል ሁለት ጊዜ እጠፉ። 6 እና 9 ሲገለበጡ ስለሚምታቱ «ስድስት»፣ «ዘጠኝ» ብላችሁ በቃል ጻፏቸው። ከመታጠፋቸው በፊት እያንዳንዱን ለተሰብሳቢው አሳዩ፤ ባዶውን ዕቃም እንዲሁ።

ማደባለቅ ላይ መቸኮል የታወቀ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ጦር ምልመላ ዕጣ 366 የልደት ቀኖች በወር በወር ተጨምረው በደንብ ሳይደባለቁ ስለቀሩ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት በብዛት ቀድሞ ወጣባቸው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ደባልቁ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው።

ሁለት ዕቃ ይሻላል፦ በአንዱ ስም፣ በሌላው ቁጥር። ከስሙ አንዱ ሰው፣ ከቁጥሩ ሌላ ሰው እያወጣ ይጣመር። ሰብሳቢው ብቻውን የሚያወጣው ዕጣ ቢያምርም አይታመንም። የመጨረሻውን ወረቀትም ክፈቱ፤ «ያው የቀረው ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ የተደገመ ቁጥር የሚደበቀው እዚያ ነው። ቁራጮቹን ፖስታ ውስጥ አሽጉ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተራው፣ ሰዓቱና ያወጡት ሰዎች ስም ሰፍሮ ተወዳዳሪዎች ወይም ወኪሎቻቸው እዚያው ይፈርሙ። ከዕጣው በኋላ ዕጩ ራሱን ካገለለ እንደገና ዕጣ አይወጣም፤ የተቀሩት ወደ ላይ ይጠጋሉ፣ ይህም ቀድሞ በደንቡ ይጻፍ።

አንዳንዶች ተራውን በማዟዟር ዕድሉን ያካፍላሉ። 6 ዕጩና 300 መራጭ ካለ 6 ዓይነት ወረቀት፣ እያንዳንዱ 50፤ ሁሉም 50 ጊዜ ከላይ ይሆናል። እዚህ ላይ ስህተቱ አንዱን ዓይነት በሙሉ ለአንድ ጠረጴዛ መስጠት ነው፤ ስድስቱን እያፈራረቁ መደርደር ያስፈልጋል። በስሞቹ አጠገብ ቁጥር አታትሙ፤ «ቁጥር 3ን ምረጡ» የተባለ መራጭ ሌላ ሰው ላይ ምልክት ያደርጋል። ማንበብ ለማይችል ፎቶ ወይም ምልክት ግድ ነው፣ «ከላይ ሁለተኛው» የሚለው ምክር አይሠራምና። ቆጠራውም በስም ብቻ ይሁን። ከ100 ለሚያንስ መራጭ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አንመክርም፤ አንድ ንጹሕ ዕጣ ይበቃል።

ማተሚያ ቤት ሲደርስ ዕጣው ሊበላሽ ይችላል። የ12 ዕጩ ዝርዝር ቦታ ለመቆጠብ በሁለት ዓምድ ሲከፈል 7ኛው ዕጩ የሁለተኛው ዓምድ ራስ ሆኖ ያላገኘውን ቦታ ያገኛል። የአንዱ ፎቶ ሰፍቶ የሌላው ሲጠብም እንዲሁ። ከመታተሙ በፊት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቃለ ጉባኤውን እያነበበ ሌላው ናሙናውን እያየ ያመሳክሩ። ከዚያ «ናሙና» የሚል ትልቅ ጽሑፍ በሰያፍ ታትሞበት ከምርጫው በፊት ይለጠፍ።