የሞተር ክዳኔ ዘይት ማንጠባጠብ እንዴት እንዳቆመ

መኪናዬ ኤን 54 ሞተር ያላት ቢኤምደብሊው 335አይ ናት። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ደጀን ድረስ ሰላም ነች፤ የአባይን በረሃ ወርጄ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስይዝ ግን የተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ጓርኒሲዮኑ (ክዳኑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ) ተቀየረ፣ ሽታው ግን ተመለሰ።

ችግሩ ክዳኑ ራሱ ነበር። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የሚገጠመው የፋብሪካው ክዳን ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ሲደጋገምበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ያኔ አዲስ ጓርኒሲዮን ብታስገቡም ጠርዙ ገጥሞ አይቀመጥም፣ ዘይቱም ወርዶ የጋለ ማርሚታ (የጭስ መውጫ) ላይ ያርፋል። እሳት ሊያስነሳ ይችላልና በቸልታ አትለፉት!

የአሉሚኒየም ክዳን አስመጥቼ ገጠምን። ከዚያ ወዲህ ጠብታም የለም። ትልቁ ሥራ ጽዳቱ ነው፤ የድሮ ሲሊኮን ቅንጣት እንኳ መቅረት የለበትም። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥብቀቱን በሚለካ ቶርክ መፍቻ እሰሩ። በጉልበት ከጠበቀ የቴስታታው የቡሎን ጥርስ ይበላል፣ እሱም አሉሚኒየም ነው።

ደግሞ የሞተሩን መተንፈሻ ፈትሹ። እሱ ከተደፈነ ውስጥ የታፈነው ግፊት ዘይቱን በሌላ ቀዳዳ ያስወጣዋል፣ የብረት ክዳንም አያድናችሁም።