እናታችሁ ፔስሜከር ሊገባላቸው ነው? የግራ እጃቸውን ጠብቁ

እናቴ ዘጌ፣ ቡና ስትወቅጥ ነው ዘነዘናውን እንደያዘች የወደቀችው። ሁለተኛዋ ነበር። በመጀመሪያው አንድ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ እንክብል ሰጥቶ መልሷት ነበር። ባሕር ዳር አምጥተን ኢሲጂ (የልብ ምት በወረቀት ላይ የሚወጣበት ምርመራ) ስትነሣ የልብ ምቷ በደቂቃ 34 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከ60 እስከ 100 ነው። በቤታችሁ ራሱን እየሳተ የሚወድቅ ሰው ካለ የእጁን አንጓ ይዛችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ኢሲጂም ሳታስነሡ አትደሩ።

ፔስሜከር፣ ማለትም የዘገየ ልብን በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ፣ እንዲገባላት ለአዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍ ዘመድ ሁሉ ደረቷ ሊሰነጠቅ ነው ብሎ አለቀሰ። አይሰነጠቅም። ብዙ ጊዜ የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው። ከትከሻ ዝቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይከፈታል፤ ቀጭን ሽቦ በደም ሥር ይገባና ሐኪሙ በራጅ ስክሪን እያየ ልብ ድረስ ያደርሰዋል፣ ከዚያ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ላይ ተሰክቶ እሷ ቆዳ ሥር ትቀመጣለች። ይሰፋል፣ አለቀ። አንድ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። በተለይ የደም ማቅጠኛና የስኳር። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ከፊት የሚቆለፍ ልብስም ያዙ፤ የሐበሻ ቀሚስ በራስ በኩል ስለሚጠለቅ እጅ ያስነሣል።

ትልቁ ሥራ ያለው ቤት ስትመለሱ ነው። ሽቦው ልብ ላይ እስኪጸና ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በመሣሪያው በኩል ያለው እጅ ከትከሻ በላይ አይነሣም። ሙቀጫ የለም። ጄሪካን የለም። ሹሩባ ራስ በራስ መሥራት የለም። እጅን መሬት ላይ ተደግፎ መስገድም እንዲሁ። እጁን ጨርሶ ማሰርም ግን ልክ አይደለም፣ ትከሻው ይደርቃል፤ ከትከሻ በታች ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ።

ጠበሉ ነገር ከሁሉ አስቸገረን። ቁስሉ ሳይደርቅ ውኃ መንካት የለበትም፣ እናቴ ደግሞ ካልተጠመቅሁ አለች። የንስሐ አባቷን ለመንኩ፤ መጥተው «ለጊዜው ጠጪው» አሏት። እሺ አለች። እናንተም ለንስሐ አባታቸው ቀድማችሁ ንገሩ።

ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም እንደገና ከወደቁ ቀጥታ ሆስፒታል። ስቅታ አልቆም ካለም እንደዚያው። ፌጦ ምናምን አትቀቡ።

የኤሌክትሪክ ምጣድና ፍሪጅ ችግር የለባቸውም። ሞባይል ግን ከመሣሪያው 15 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ እናቶቻችን ጡት መያዣ ውስጥ የሚሸጉጧትን ነገር አስተዋችሁ? እሷ ትቅር። ብየዳ ቤት አጠገብ አታስቀምጧቸው። ኤርፖርት ስትደርሱ ከመሣሪያው ጋር የሚሰጠውን ካርድ አሳዩ፣ ኤምአርአይ የሚያዝ ሐኪምም ካርዱን ይይ።

አንድ ነገር እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። በክትትል ጊዜ መሣሪያውን የሚያነበው ማሽን በየአምራቹ ይለያያል፤ የአንዱ የሌላውን አያነብም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ክትትሉ የት እንደሚሆን፣ ለእናንተው መሣሪያ የሚሆነው ማንበቢያ የት እንዳለ ጠይቁና ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት። ባትሪው ብዙ ጊዜ ከ8 ዓመት በላይ ይቆያል፣ ያች ካርድም እስከዚያ አትጥፋ።