መኪናህ ውስጥ ዝናብ ሲገባ

የደሴ ሐምሌ መኪናን አይምርም። ጠዋት በር ስትከፍት የእርጥብ ጆንያ ሽታ ከተቀበለህ ሽቶ አትግዛ፣ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ፈልግ። አንተ ባትሪ ይዘህ ውስጥ ቁጭ በል፣ ጓደኛህ ውጭ ሆኖ በቱቦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ እያለ ያፍስስ፤ ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉን አርሶ ቀዳዳውን ይደብቅብሃል። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳብ፣ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቆለታል። የእኔ ግን ጎማው ደህና ነበር! ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን የውሃ መውረጃ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደፍኖት ነው። ምንጣፉንም አንሳው፣ ውሃውን የሚይዘው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ነው። ደሴ ላይ ፀሐይ ካጣህ ኮምቦልቻ ውረድ፣ እዚያ ይሞቃል። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰህ አሳድር፣ ጠዋት ጥረገው።