ከፋሲል መዋኛ እስከ ጣና፦ አንድ የበጋ ቀን በመኪና ቤት

አልጋና ምድጃ የገባበት መኪና ይዛችሁ ጎንደር ከመጣችሁ፣ አንዱን ቀን ውሃውን ተከትላችሁ ዋሉ። ከተማዋን አቅፈው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ መጨረሻቸው መገጭ ነው፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል።

ወሩን በደንብ ምረጡ። እኔ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ እላለሁ። በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ያኔ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት እናቲቱን ከነልጆቿ መጨረስ ነው። ከዚህ የባሰው በብርብራ ዛፍ ማጥመድ ነው፤ ፍሬውን ፈጭተው ውሃው ላይ ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም ያልቃል። እባካችሁ እንዲህ የተያዘ ዓሣ አትግዙ።

ጠዋት ፋሲል ግቢን እዩና ቲኬቱን አትጣሉ፣ መዋኛውም የሚገባው በሱ ነው። መዋኛው የሚሞላው ለጥምቀት ከቀሃ በሚመጣ ውሃ ነው። ሌላ ጊዜ ባዶ ቢሆንም ግንቡን እንደ እጅ የጨበጡትን የዛፍ ሥሮች ቁጭ ብሎ ማየት ብቻውን ይበቃል።

ከዚያ በአዘዞ ታጥፋችሁ ወደ ቆላ ድባ፣ ጯሂት፣ ከዚያም ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ። ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትሂዱ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ፤ ስትወርዱ ሙቀቱ ይታወቃችኋል። ጎርጎራ ላይ የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች አይታችሁ ሳትቆዩ ተመለሱ።

ከ8 ሰዓት ጀምሮ ድርማ ወንዝ ላይ፣ ቆላ ድባ አካባቢ፣ ዓሣውን ሞክሩ። መኪናውን ግን ከመንገዱ አታውጡት። የዚህ አካባቢ፣ የደምቢያ፣ ዋልካ አፈር ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ወንዝ ዳር ስትደርሱ ጎማውን ይውጠዋል፤ እኛ አንዴ ገብተን በበሬ ነው የወጣነው። ዳሩ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ካለ መጀመሪያ ሰላም በሉና አስፈቅዱ፣ ዓሣው የት እንደሚተኛም እሱ ነው የሚያውቀው።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ናይሎን ክር፣ መንጠቆ፣ ለክብደት አሮጌ ብሎን፣ ለምልክት ቡሽ። አምባዛ ከታች ጭቃው ላይ ስለሚውል ትል ሰክታችሁ መሬት አስነኩት። የፈለጋችሁት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሆነ ሊጥ ሞክሩ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ከቡሹ ብዙም ሳይርቅ። አምባዛን ስትይዙ ከጭንቅላቱ ኋላ በሁለቱም ጎን ያለው እሾህ እንዳይወጋችሁ በጨርቅ ያዙት። ትንንሹን መልሱት።

ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ አካባቢው ቢልሃርዚያ አለበት። ወባም አለ፣ ስለዚህ አመሻሹ ላይ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ መኪናው ውስጥም አጎበር ይኑር።

10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ክሩን ጠቅልሉ። ሳይመሽ ጎንደር ግቡና ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ አቁማችሁ ቡታጋዙን አውጡ። ዓሣውን ጎን ጎኑን ተልትላችሁ ጨውና ሎሚ አስገቡበት፣ በጋለ ዘይት ጥበሱት፣ በአዋዜ ብሉት።