የአንድ የሶቪየት ክፍለ ጦር ታሪክ እንዴት ይፈለጋል?

ካዛክስታን፣ አልማ አታ ተማሪ ሳለሁ በ28ቱ የፓንፊሎቭ ዘቦች መናፈሻ በኩል አልፍ ነበር። መናፈሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞስኮን ሲከላከሉ ሞቱ በተባሉ 28 ወታደሮች የተሰየመ ነው። ከማይጠፋው እሳት አጠገብ አሮጊቶች አበባ ያስቀምጣሉ። የእነሱ ሰው ከ28ቱ ውስጥ ባይሆንስ? እያልኩ አስባለሁ። ከዓመታት በኋላ የዶርም ጓደኛዬ የነበረ ካዛክ ጦርነት ሄዶ የቀረ አያቱን እንድፈልግለት ለመነኝ። ፍለጋውን የተማርኩት ያኔ ነው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከክፍለ ጦሩ ቁጥር ጀምሩ፤ ግን አትመኑት። 316ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር በሐምሌ 1941 አልማ አታ ተቋቋመ፤ አዛዡ ሜጀር ጄኔራል ኢቫን ፓንፊሎቭ ነበሩ። ሞስኮን ሲከላከል ኅዳር 18 ቀን 1941 ስሙ 8ኛ ግቫርዲያ ሆነ። በዚያው ቀን ፓንፊሎቭ ተገደሉ። ግቫርዲያ ሲባል እንደ እኛ ክብር ዘበኛ ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ አይደለም፤ በውጊያ ለተመሰከረለት ጦር የሚሰጥ ማዕረግ ነው። 316 የሚለው ቁጥር ከዚያ ለሌላ ክፍለ ጦር ተሰጠ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት የማያገባኝን ጦር ተከተልኩ። ስለዚህ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከቀኑ ጋር አያይዙት።

ከዚያ ወደ ሬጅመንት፣ ማለትም በክፍለ ጦሩ ሥር ወዳለው ጦር፣ ውረዱ፤ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። 1073፣ 1075 እና 1077 ነበሩ። የእነሱም ቁጥር ተቀይሯል፤ 1075ኛው 23ኛ ግቫርዲያ ሆኗል።

የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር «ፓምያት ናሮዳ» የሚባል ድረ ገጽ አለው። የውጊያ መዝገቦችና የሟቾች ዝርዝር ፎቶ እዚያ አለ። ስሙን በሩሲያ ፊደል ጻፉ፤ ደግሞም በአንድ አጻጻፍ አትወሰኑ። የካዛክና የኪርጊዝ ስም ሩሲያዊው ጸሐፊ እንደሰማው ነው የመዘገበው። እኔ አምስት ዓይነት ሞክሬያለሁ። ስሙ እምቢ ካለ በትውልድ መንደሩና በተመለመለበት ጽሕፈት ቤት ፈልጉ።

ጋዜጣን ከሰነድ ለዩ። እዚህ ላይ አደራ! የሶቪየት ጦር ጋዜጣ «ቀይ ኮከብ»፣ ኅዳር 16 ቀን 1941 ሞስኮ አቅራቢያ ዱቦሴኮቮ ላይ 28 የፓንፊሎቭ ወታደሮች የጀርመን ታንኮችን አቁመው ሁሉም ሞቱ ብሎ ጻፈ። 28ቱም በ1942 የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባሉ። ከመካከላቸው ግን በሕይወት ያሉ ተገኙ። በ1948 ወታደራዊው ዐቃቤ ሕግ መርምሮ ታሪኩ የጋዜጠኞች ፈጠራ ነው አለ። የ1075ኛው አዛዥ ኮሎኔል ካፕሮቭ በምስክርነታቸው የተዋጋው አንድ ሻምበል ጦር በሙሉ ነው፣ የሞተውም ከ100 በላይ ነው ብለዋል። የሩሲያ መንግሥት ቤተ መዛግብት ሪፖርቱን በድረ ገጹ ያወጣው በ2015 ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። 28 ሲባል የቀሩት ስም አልባ ሆኑ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። ክፍለ ጦሩ ጦርነቱን የጨረሰው በባልቲክ በኩል ነው። በኋላ ስሙን ፍሩንዜ፣ የዛሬዋ ቢሽኬክ፣ ታገኙታላችሁ። ሶቪየት ስትፈርስ ኪርጊዝስታን ወረሰችው። የአርበኞችን ማኅበርና ሙዚየም ስትፈልጉ ታዲያ አልማቲንም (የድሮዋን አልማ አታ) ቢሽኬክንም ጠይቁ።

የጓደኛዬ አያት በአራተኛው አጻጻፍ ተገኙ። 1075ኛ ሬጅመንት፣ ኅዳር 1941፣ ደብዛቸው የጠፋ። ከ28ቱ ውስጥ የሉም። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ የዚያኑ ሌሊት ላክሁለት።