ቤት ውስጥ የደም ግፊት እንዴት ይለካል?

ግፊት ዝም ብሎ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ የሚል ሰው ድንገት ሲለካ የላይኛው ቁጥር (ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁ) 170 ሆኖ ቢያይ አይገርምም። ማወቂያው መለካት ብቻ ነው። ደግነቱ አሁን መሣሪያው ብዙ ቤት ገብቷል። ግን አብዛኛው ሰው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ እያወራ፣ በሹራብ ላይ አስሮ ይለካና የወጣውን ቁጥር አምኖ ወይ ይደነግጣል ወይ ይዘናጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ይጨመራል፣ ይቀነሳል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል።

መጀመሪያ መሣሪያው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ ራሱ የሚነፋውን ዲጂታል ምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ቢቀልም የእጃችሁ አቀማመጥ ትንሽ ሲዛነፍ ቁጥሩን ያዛባል። ጣት ላይ የሚደረገውን ጭራሽ ተዉት። ከመግዛታችሁ በፊት የክንዳችሁን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩት። መካከለኛ የሚባለው ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልኩ ማሰሪያው ላይ ተጽፏል። ወፍራም ክንድ በጠባብ ማሰሪያ ከተለካ ግፊቱ ሳይኖር ከፍ ብሎ ይታያል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። በባትሪ ድንጋይ ተጠቀሙ፤ ሲደክም ቶሎ ቀይሩ።

ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ፣ ስፖርት አትሥሩ። ቡና ተፈልቶ አቦሉን ከጠጣችሁ በኋላ ጎረቤት "እስቲ እኔንም ለኩኝ" ሲል ለነገ ጠዋት ቅጠሩት። ጫትም ግፊት ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ ለሰዓታት ይቆያል። ሽንት ካላችሁ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።

አሁን ተቀመጡ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን፣ በርጩማ አይሆንም። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጉ፣ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይርገጡ፣ እግር ማጣመር የለም። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ማሰሪያው ከልባችሁ ትክክል እንዲሆን አድርጋችሁ አሳርፉት። ብዙ ቤት የሳሎኑ ጠረጴዛ ዝቅ ያለ ነው፤ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከክንዳችሁ ሥር ብታደርጉ ይስተካከላል። ይሄን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2024 ባወጣው ጥናት እጅ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል ደግሞ ከ6 በላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። እንዲሁ ተቀምጣችሁ አምስት ደቂቃ ጸጥ በሉ። ስልክ አይነካ፣ ዜና አይከፈት።

ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው። ሹራቡን መሰብሰብ ክንድን ስለሚያንቅ አውልቁት። የማሰሪያው የታችኛው ጠርዝ ከክርናችሁ መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ቱቦው ወይም ምልክቱ በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል፣ በጣት ስትነኩት ትርታ በሚሰማበት መስመር ላይ ይሁን። ስታስሩት ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይጥበቅ። ቁልፉን ተጫኑና አትናገሩ፣ አትንቀሳቀሱ። እናታችሁን ስትለኩ እሷም እንዳታወራችሁ ንገሯት፤ ማውራት ግፊት ይጨምራል።

አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱንም ጻፉ። ደስ ያላችሁን ብቻ መርጣችሁ አትጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለኩ ሁለቱንም ክንድ ሞክሩና ከፍ ያለ ቁጥር የሚያወጣውን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ተጠቀሙበት።

ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሁለቴ ለኩ። ጠዋት ቁርስና መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊት ይሁን። የመጀመሪያውን ቀን ተዉትና የቀሩትን ስድስት ቀናት የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ደምሩ፣ በለካችሁት ብዛት አካፍሉ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የላይኛው ብቻ ወይም የታችኛው ብቻ ቢሆንም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ክሊኒክ ውስጥ የሚጠቀሙበት 140/90 ነው፤ እዚያ ብዙ ሰው ነጭ ጋውን ሲያይ ግፊቱ ከፍ ይላል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ሐኪማችሁ 130/80 ላይ ቢያስጠነቅቃችሁ አይግረማችሁ፤ እዚያ መስፈርቱን በፈረንጆቹ 2017 ዝቅ አድርገውታል። ነፍሰ ጡር ግን ሳምንት አትጠብቅም። 140/90 ካየች በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ከ180/120 በላይ ከወጣ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ያግኛችሁ። ደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ መናገር ማቃት ወይም የዓይን ብዥታ አብሮ ካለ ግን ድጋሚ መለካት አያስፈልግም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አንድ ነገር አደራ። ቁጥሩ 120 ሲሆን "ዳንኩ" ብላችሁ መድኃኒት አታቁሙ። የወረደው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም የታዘዘላችሁን ኪኒን አይተኩም። ቁጥሩ ከፍ አለ ብላችሁም በራሳችሁ ሁለት አትዋጡ። ለቀጠሮ ስትሄዱ የጻፋችሁበትን ደብተር ያዙ፣ መሣሪያውንም በዓመት አንዴ ይዛችሁ ሂዱና ከክሊኒኩ መሣሪያ ጋር በአንድ ክንድ ላይ ተራ በተራ አስለኩት፤ በጣም ከተለያዩ ማሰሪያው አርጅቷል ወይም መሣሪያው መቀየር አለበት።